ከጃፓን የተመለሰው ማሾ

ቆቦ በሚገኘው የማሾ መጋዘን ተረካቢ ሆኜ የገባሁ ዕለት፣ አለቃዬ አቶ መኮንን መውጊያ ሰጡኝ። ጫፉ የሾለ የብረት ቧንቧ ነው፤ ጆንያ ሲወጉበት ከውስጥ እፍኝ እህል ይዞ ይወጣል። «ላዩን አይተህ እንዳትቀበል» አሉኝ። ከዓመታት በኋላ የመጋዘን ኃላፊ አደረጉኝ።

የመጀመሪያዎቹ ገዢዎቻችን ማሾውን ከክተው የሚቀቅሉ ነበሩ። ከእኛ የሚፈልጉት ነቀዝና ጠጠር እንዳይኖርበት ነው። እኔ ነቀዝ በማጥፋት ስም ነበረኝ። በጆንያዎቹ መካከል የነቀዝ መድኃኒት ዱቄት እነሰንሳለሁ፤ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

ጃፓኖች መግዛት ሲጀምሩ አንዲት የጥራት መርማሪ ከአስተርጓሚ ጋር መጣች። እፍኝ ማሾ ዘፍዝፋ በእርጥብ ጨርቅ ሸፈነችው። በሦስተኛው ቀን ነጭ ቡቃያ አውጥቶ አገኘነው። የፈላ ውሃ ውስጥ ነክራ ወዲያው አወጣችና ለሁላችንም አቀመሰችን።

«አገራችን እንዲህ ነው የሚበላው» አለች በአስተርጓሚዋ። «ብዙ እሳት አያየውም። ሕፃንም በሽተኛም ይበላዋል።»

ደንቡም ተነበበልን። ዱቄት ክልክል ነው። ለነቀዝ የሚፈቀደው ሸራ አልብሶ በክኒን ጢስ ማጠን ብቻ ነው፤ እሱም ይመዘገባል። እያንዳንዱ ጭነት የየትኛው ገበሬ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር አለው። ጃፓን ወደብ ሲደርስ ይመረመራል። አንብቤ ፈረምኩ።

በዚያው ክረምት ነቀዝ ገባ። ክኒኑ አልቆብናል፤ የታዘዘው ገና አልደረሰም። የመጫኛው ቀን ቀርቧል። ዓርብ ቀን ሠራተኛው ለጁምዓ ሲወጣ እኔ ቀረሁ። ከታች ባለው ረድፍ ላይ ዱቄቱን ነሰነስኩ። መዝገብ ላይ አልጻፍኩም። በጆንያ ላይ የተነሰነሰ የት ይደርሳል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ጭነቱ ወደቡ ላይ ተከልክሎ ተመለሰ። ማሾው ውስጥ የመድኃኒት ቅሪት ተገኝቷል። ቁጥሩ ሲታይ በሮቢት በኩል ያሉ ገበሬዎች ማሾ ነው። አቶ መኮንን ከገዢው የመጣውን ደብዳቤ አጥፈው፣ «ከሮቢት የሚመጣ ማሾ ከእንግዲህ አትቀበል» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» አልኩ።

አያ ሁሴን የእነዚያ ገበሬዎች ተወካይ ነበር። አዲሱን ምርት ጭኖ ሲመጣ በር ላይ መለስኩት።

«ሰይዶ፣ ማሳዬን አንተው መጥተህ አይተሃል። ወላሂ መድኃኒት አልነካሁም» አለኝ።

«አውቃለሁ፣ አያ።»

«እኔ ካልሆንኩ ወንድሜ አሊ ነው ብዬ በሰው ፊት ሰደብኩት። ይኸው ከተኳረፍን ወር ሆነን። እናታችን በመሀል እያለቀሰች ነው።»

ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም። «እኔ ነኝ» አልኩት። «ዱቄቱን እዚሁ መጋዘን ውስጥ የነሰነስኩት እኔ ነኝ።»

አልጮኸም። ጆንያው ላይ ተቀመጠ። «ለአለቃህ ንገር» አለኝ። «ከዚያ ሮቢት ና። ለአሊ በገዛ አፍህ ትነግረዋለህ።»

አቶ መኮንን ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ፈርመህ አልነበረም?»

«ፈርሜ ነበር።»

«ቁልፉን አስቀምጥ።» እዚያው እያየሁ ገበሬዎቹ ጥፋት እንደሌለባቸው ለገዢው ጻፉ። እኔን ወደ ጆንያ መስፋት አወረዱኝ። የአያ ሁሴን ምርት በዚያው ሳምንት ገባ። ጃፓኖቹ ግን ተመልሰው እስኪገዙን ሁለት ምርት አለፈ።

ለአቶ መኮንን በነገርኩ ማግስት በሚኒባስ ሮቢት ወረድኩ። አያ ሁሴን ቤት ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ያደረግኩትን በሰው ሁሉ ፊት ተናገርኩ። አሊ ወደ እኔ አላየም። ተነስቶ የወንድሙን ትከሻ ሳመ፤ እናታቸው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔን ተቀመጥ ያለኝ አልነበረም፤ ብቻዬን ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። አሊ እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታዬን ይመልሳል፤ ቆሞ ግን አያወራኝም።

በእኔ ቦታ ለገባችሁ የምለው ይህን ነው። ገዢው እህሉን እንዴት እንደሚበላው ዕወቁ። ስትሳሳቱ በዚያው ቀን ተናገሩ፤ እኔ ዝም ባልኩበት ጊዜ ሁሉ የተጎዳው ሌላ ሰው ነበር።