ምስማር ላይ የተሰቀለው ክራቫት

ነቀምት የመጣሁት ሳይኮሎጂ ለማስተማር ሳይሆን፣ ሳይኮሎጂ የሚያስተምሩትን ለማሠልጠን ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የሚላኩ ወጣቶች በመምህራን ማሠልጠኛችን ትምህርቱን ይሰጣሉ፤ እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ማርክ እሰጣለሁ። ያለ እኔ ፊርማ ተመልሰው ዲግሪያቸውን አይጨርሱም።

በመጀመሪያው ቀን ዳይሬክተሩ አንድ ፎርምና አንድ ጥቁር ክራቫት አስረከቡኝ። ፎርሙ ሃያ ነጥብ ነው፤ የጠመኔ አያያዝ፣ የድምፅ ከፍታ፣ የሰሌዳ አጠራረግ፣ የግርማዊነታቸው ፎቶግራፍ ቀጥ ብሎ መሰቀሉ፣ ክራቫት። ክራቫቱ የሁሉም ነው። መምህራን ክፍል ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፣ ባለተራው ያስረዋል።

ተማሪው ይግባው አይግባው የሚሞላው የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እሱ የተማሪው ሥራ ነው አሉኝ። ደንቆኝ ነበር፤ ግን ለመድኩት። ሳያስቡ የሚሞሉት ፎርም ለሰነፍ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አረፍኩ።

ከዚያ ገመቹ የሚባል የኑኑ ቁምባ አገር ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ተልኮ መጣ። የመጀመሪያ ትምህርቱ ስለ ትኩረት ነበር። እንግሊዝኛውን ሸምድዶ መጥቶ ያለ አንድ ስህተት አንበለበለው። የክፍሉ ግማሽ አንቀላፋ። አሥራ ስምንት ሰጠሁት።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ መርሳት ነበር። ክራቫቱን ምስማሩ ላይ ትቶት ገባ። እንግሊዝኛውን ጀምሮ አቋረጠና፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ክልክል በሆነው በኦሮምኛ፣ አንደኛ ክፍል የገባበትን ቀን የሚያስታውስ ካለ እንዲናገር ጠየቀ። ጫልቱ የምትባል ሠልጣኝ ተነሣች። በአማርኛ ስሟን ሲጠይቋት ስላልገባት ዝም በማለቷ፣ ቀኑን ሙሉ ተንበርክካ መዋሏን ተናገረች። የመምህሩን መልክ ረስታዋለች፤ ጉልበቷ ሥር የነበረውን ጠጠር ግን አልረሳችም። አንዱ ተረስቶ ሌላው ለምን ይቀራል ብለው ሲከራከሩ ደወሉን የሰማ አልነበረም።

ፎርሙን ስደምር ስድስት መጣ። ስድስቱም ቢሆን ፎቶግራፉ ቀጥ በማለቱ ታግዞ ነው።

ዳይሬክተሩ ገመቹ ዓመቱን ይድገም አሉ፤ መጀመሪያ ግን እኔ አስተምሬ እንዳሳየውና እንደገና እንድገመግመው አዘዙኝ። ገመቹ መምህራን ክፍል ድረስ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ ስህተቴ የቱ ላይ ነው?" አለኝ።

"ክራቫቱ" አልኩት።

ክራቫቱን አስሬ ያንኑ መርሳትን አስተማርኩ። ዳይሬክተሩ ከኋላ ተቀምጠው አሥራ ዘጠኝ ሰጡኝ፤ አንዷን የቀነሱት ጠመኔ ስለሰበርኩ ነው። እሳቸው ሲወጡ ሠልጣኞቹን በተሰባበረው ኦሮምኛዬ፣ "ኢሲኒ ገሌ?" ገባችሁ ወይ አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ።

"ኑ ሂን ገሌ፣ ጋሼ" አለች ጫልቱ ቀስ ብላ። አልገባንም ማለቷ ነው።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አዲስ ፎርም አወጣሁና ዳይሬክተሩ ለእኔ የሰጡትን ማርክ አንድ በአንድ ገለበጥኩ፤ የጠመኔዋን ቅናሽ እንኳ አልተውኩም። አናቱ ላይ የገመቹን ስም ጽፌ ፈረምኩ። ዳይሬክተሩ አገላብጠው አዩትና፣ "አየህ፣ ስታሳየው ተማረ" አሉኝ። ገመቹ በክረምቱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሰ።

ጡረታ እስክወጣ ብዙ መምህር ገምግሜያለሁ። ፎርሙን ሁልጊዜ እሞላለሁ። ከመሙላቴ በፊት ግን በር ላይ አንድ ተማሪ አስቁሜ ምን እንደገባው እጠይቃለሁ።