ለታደሰ እናት ያልነገርኳት

እስካለፈው ክረምት ድረስ ይህን ነገር ለማንም አውጥቼ አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኳት። በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቆመው ኃጢአታቸውን ሲናገሩ እኔም ስንት ጊዜ ቆሜ ሌላ ሌላውን ተናግሬያለሁ፤ ይህን ግን ዘልዬዋለሁ። አንተ የምታነበው ሰው፣ የምነግርህ እንድትፈርድብኝ ነው። እንድታዝንልኝ አይደለም።

ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ዲላ በነበረ አንድ የሚሲዮን ክሊኒክ አስተርጓሚ ነበርኩ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ከፈረንጆቹ እንግሊዝኛ ለቃቅሜያለሁ፣ ኮት እለብሳለሁ። የተወለድኩት ግን ከጌዴኦ ገበሬ ቤት ነው፤ አባቴ የባለርስት ጭሰኛ ነበር። ይህን በከተማው ውስጥ እደብቅ ነበር። ስሜን ለውጬ፣ አማርኛዬን አጥርቼ ነበር የምኖረው። ጌዴኦኛ የምናገረው ሥራዬ ሲያስገድደኝ ነው፤ ያውም ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

አንድ የገበያ ቀን ሎኮ የምትባል ሴት ከዱመርሶ መንደር ልጇን አዝላ መጣች። ልጁ ታደሰ ይባላል፤ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ሽንቱ የሚወጣው እንደ ሌሎች ወንዶች ከጫፉ ሳይሆን ከታች በኩል ነው። ቆሞ ሲሸና እግሩ ላይ ስለሚፈስበት እናቱ ቁጭ ብሎ መሽናት አስተምራው፣ ከጎረቤት ሸሽጋ አሳድጋዋለች። አልፎ አልፎ ወደ ክሊኒኩ እየመጣ ቀዶ ሕክምና የሚያደርግ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ነበር፤ እሱ አየው። አብሮት የተወለደ ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ይጠገናል አለ። ልጁን ወባ አድክሞት ስለነበር ለሚቀጥለው ጉዞው ቀጠረው። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ፣

"እስከዚያ እንዳይገርዙት። አዲሱን የሽንት መውጫ የምሠራው ከሸለፈቱ ቆዳ ነው። እሱ ከተቆረጠ የምጠግንበት ነገር የለኝም። ይህን አስረግጠህ ንገራት" አለኝ።

በሩ አጠገብ የአንድ ሹም ሚስት ከአሽከሯ ጋር ተራዋን ትጠብቅ ነበር። እኔን የምታውቀኝ አማርኛዬ ያማረ የከተማ ልጅ አድርጋ ነው። በእሷ ፊት፣ በጌዴኦኛ፣ ጮክ ብዬ ስለ ሸለፈት ላወራ? አፈርኩ። ያፈርኩት በቃሉ ብቻ መስሎህ እንዳትስት። በእናቴ ቋንቋ ነው ያፈርኩት። ወደ ሎኮ ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ፣ "የቡና ለቀማው ሲያልቅ አምጪው፤ ይድናል ብሏል" አልኳት። በቃ። እሷ እጄን ልትስም ዝቅ አለች፤ እኔም እጄን ሰጠኋት።

ወጣ ብዬ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። የሹሙን ሚስት ሸኝቼ ስመለስ ሎኮ ሄዳለች። ከዱመርሶ ወደ ገበያ የሚመጣ ሰው ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። በየሳምንቱ በክሊኒኩ ደጅ ያልፋሉ። አንዱን ጠርቼ መልእክት መላክ አቅቶኝ ነው? አላቃተኝም። እኔ ረሳሁት። ያልረሳሁትም ቀን ተውኩት።

ለቀማው ሲያልቅ ሎኮና ባሏ በራሶ ልጁን ይዘው መጡ። በራሶ የወንድሙን ልጆች ሲያስገርዝ ታደሰንም አብሮ አስገርዞታል። ሐኪሙ ገልጦ ሲያየው እጁ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

"አልነገርካትም እንዴ?" አለኝ።

"ነግሬያታለሁ፤ የገጠር ሰው አይሰማም" አልኩት። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

ሐኪሙ አልተቆጣም። "ያሳዝናል፣ በጣም ያሳዝናል" አለ እንጂ። ሎኮ ፊቱን አይታ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። "ልጅሽን በገዛ እጅሽ አበላሸሽው ነው የሚለው" አልኳት።

"ወንድሜ፣ ማን ነገረኝና?" አለች።

ሐኪሙ ምን እንዳለች ጠየቀኝ። "አጥፍቻለሁ ትላለች" ብዬ ተረጎምኩለት።

ሐኪሙ በተረፈው ቆዳ የሚችለውን ሞከረ። ለሽንቱ ያስገባለት ቱቦ ሲወጣ ቁስሉ ተከፈተ፤ ሽንቱ ከሁለት ቦታ ይፈስ ጀመር። በሌላ ጉዞው እንደገና ቀደደው፣ ጠባሳው መውጫውን አጠበበው። ልጁ ሲሸና የሚያሰማው ጩኸት ክፍሉን አልፎ እኔ ከተቀመጥኩበት ይደርስ ነበር። ከዚያ በኋላ አብዮቱ መጣ፤ ሐኪሙም ተመልሶ አልመጣም።

በራሶ ክሊኒኩ ደጅ ላይ ለብቻዬ ይዞኝ፣ "እውነት ተነግሯት ነበር?" ብሎ ጠይቆኛል። ማረም የምችልበት ጊዜ ያ ነበር። "ተነግሯታል" አልኩት። ተነግሯት ደብቃኛለች ብሎ አባረራት። ገደብ ከተማ ያለው ወንድሟ አስጠጋት። ታደሰ አባቱ ዘንድ ቀርቶ እናቱ እንዳበላሸችው እየተነገረው አደገ። የትምህርት ቤት ልጆች እንዴት እንደሚሸና ለማየት ጫካ ድረስ እየተከተሉት ቢያስመርሩት ትምህርቱን ተወ። ትዳርም አልያዘም። ሎኮ ስትሞት ቀብሯ ላይ አልተገኘም። እኔ ግን ተገኝቻለሁ። ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጬ ንፍሮ በልቻለሁ። ደግ ሴት ነበረች ሲሉም ራሴን ነቅንቄያለሁ። ከዚህ የከፋ ምን አለ?

ባለፈው ክረምት ዱመርሶ ሄድኩ። ታደሰ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ቡና ማጠቢያው ውስጥ ዘበኛ ነው። አግዳሚው ላይ አስቀምጦኝ፣ ሳያቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ተናግሬ ስጨርስ፣

"ጋሼ፣ አባቴ በሕይወት ሳለ ምነው ሳትመጣ?" አለ። ቀጥሎም፣ "መቃብሯን ታውቀዋለህ?" አለኝ።

በማግስቱ አብረን ገደብ ሄድን። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ቦታ ቢኖርም ከኋላ ሄዶ ተቀመጠ። መቃብሩን ሳሳየው፣ "አንተ ከዚህ አትለፍ" አለኝ። አጥሩ ጋ ቆምኩ። እሱ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ረጅም ጊዜ አናገራት፤ ምን እንዳላት አልሰማሁም። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል።

ዘመኑ ነው፣ ቋንቋህን የሚያሳፍር ዘመን ነበር ትለኝ ይሆናል። ዘመኑ አንድ ቀን አሳፈረኝ እንበል። ከዚያ በኋላ የዋሸሁት ግን እኔ ነኝ። ሎኮን የከሰስኳት እኔ፣ የፈረድኩባትም እኔ። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ነበረች፤ ሳልነግራት ቀበርኳት። ታደሰ ይቅር አላለኝም። ይቅር በለኝም አልለውም።