ኩይሳ የለካው ወንድሜ

ልጅ እያለሁ እንደ አባቴ ካሜራ የምጠላው ነገር አልነበረም። አሁንም አልወደውም። ነገሌ ያደጋችሁ እኩዮቼ አባዬን ታስታውሱት ይሆናል፤ አንገቱ ላይ ከባድ የሩሲያ ካሜራ አንጠልጥሎ፣ ሁለት ልጆች አስከትሎ በጦር ካምፑ አጥር ጥግ የሚያልፈው የጂኦግራፊ አስተማሪ እሱ ነው። ልጆቹ እኔና ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ነበርን። ካሜራውን የገዛው መንግሥት የተለወጠ ሰሞን ወደ አገሩ ይመለስ ከነበረ ወታደር ላይ ነው። ምናለ ያ ወታደር ይዞት በሄደ ኖሮ!

እሑድ እሑድ የሰው አባት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመድ ይጠይቃል፣ ወይ አረፍ ይላል። የእኛ አባት ወደ ሊበን ሜዳ ይነዳን ነበር። የሚያነሳው ሰው ቢሆን እንኳ ደግ። የእሱ ፍቅር ኩይሳ ነው። ምስጥ የቆለለው ቀይ አፈር! ከጣሪያ የሚበልጠውን፣ ጫፉ የተጣመመውን፣ ሆዱ የተቦረቦረውን ሁሉ እየዞረ ያነሳል። ጥላው እስኪረዝም ብሎ በዚያ ፀሐይ ግማሽ ቀን ያስጠብቀናል። ሌንሱ ላይ የእማዬን ነጠላ ጫፍ ጋርዶ ይሞክራል፣ ቀይ መስታወት ያስጠጋል፣ ያነሳል፣ ይጥላል። ማታ ደግሞ የዕቃ ቤቱን መስኮት በብርድ ልብስ ወትፎ፣ አምፖሉን በቀይ ጨርቅ ጠቅልሎ በእማዬ የልብስ ሳፋ ፎቶ ያጥባል። ቤቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ዩኒፎርማችንም እንደዚያው። ክፍል ውስጥ «ሰላጣዎቹ መጡ» ይሉን ነበር።

እማዬ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» እያለች ሳፋዋን በአመድ ትፈትጋለች። እውነቷን ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ኩይሳ ብቻውን ከተነሳ ቁመቱ አይታወቅም፤ አጠገቡ መለኪያ መቆም አለበት። መለኪያዎቹ እኛ ነበርን። ያውም ጀርባችንን ለካሜራው ሰጥተን፣ ወደ ኩይሳው ዞረን። ዳዊት መሳቅና መገላመጥ ስለሚወድ አባዬ ይቆጣዋል። «መለኪያ አይስቅም! መለኪያ አይዞርም!» ይለዋል። ለዓመት በዓል ፎቶ ቤት ውሰደን ስንለው ደግሞ «ቤታችሁ ፎቶ አንሺ እያለ?» ብሎ ይኮራል። ስለዚህ ቤታችን በፎቶ ተሞልቶ የእኛ ፊት ግን የትም አልነበረም።

ከብቶቹን በዚያ ሜዳ የሚያሰማሩት ኦቦ ጃተኒ አባዬን ባዩ ቁጥር መሳቅ ልማዳቸው ነበር።

«አካም፣ ናጋ? አስተማሪ፣ ዛሬም ኩይሳ ነው? ኩይሳ ወተት ይሰጣል እንዴ?»

«ናጋ፣ ኦቦ ጃተኒ። የተፈጥሮ ሥራ ነው እኮ!»

«ልጁስ የማን ሥራ ነው? ፊቱን አንሳው እንጂ! ከብት እንኳ የሚታወቀው በፊቱ ነው።»

አንድ እሑድ ዳዊት ይህን ሰማ። ጀርባውን ሰጥቶ፣ ቀኝ እጁን ኩይሳው ላይ አድርጎ እንደታዘዘው ቆሞ ከተነሳ በኋላ መጥቶ የአባዬን እጅጌ ጎተተ። «አባዬ፣ ፊቴን አንሳኝ። አንዴ ብቻ።» አባዬ ሰማዩን አየ፣ ካሜራው ላይ የቀረውን ፊልም አየ፣ ኦቦ ጃተኒን ሰረቅ አድርጎ አየ። ከዚያ ተንበረከከና ተጠጋው። ዳዊት የወለቁት የፊት ጥርሶቹ እስኪታዩ ሳቀ። ካሜራው ቀጭ አለ። እኔ ቀናሁ፤ የእኔን ፊት ማንም አላነሳልኝም።

ቤታችን ውስጥ አንድ የማይሻር ሕግ ነበር፤ ፊልም ተነስቶ ሳያልቅ አይታጠብም። ፊልም ከሩቅ በሰው ነው የሚመጣው፣ ማባከን ነውር ነው። ዳዊት ፎቶውን ለማየት በየቀኑ ይጠይቃል፤ አባዬ «ጥቂት ቀረው፣ ደመና እየጠበቅኩ ነው» ይለዋል። ደመናው መጣ። ከበልጉ ዝናብ ጋር ወባም መጣ። ዳዊት ሳምንት እንኳ ሳይተኛ ሞተ።

ለቅሶው ላይ አንዲት ሴት «ፎቶው የታለ? ምን እያየን እናልቅስለት?» አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ወጉ ነው፣ የሟች ፎቶ ከፊት ይቀመጣል። እማዬ ግን ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ወደ መኝታ ቤት ስትገባ ተከተልኳት። ካሜራውን ከሣጥኑ ላይ አንስታ ታገላብጠዋለች። ልጇ እዚያ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች፣ አባዬ ራሱ ነው የነገራት። በጥፍሯ ስትታገለው ጀርባው ተከፈተ። ፊልሙን ይዛ ወደ መስኮቱ፣ ወደዚያ ሁሉ ብርሃን ጎተተችው።

«የታለ? ልጄ የታለ? ምንም የለበትም እኮ!»

አባዬ በሩ ላይ ደረሰ። ካሜራውን በጣታችን ስንነካ እንኳ ቤቱን በጩኸት የሚያናውጥ ሰው ነው። አልጮኸም። ኮቱን አውልቆ ካሜራውን ከነፊልሙ ሸፈነው፤ ከዚያም እንደ ሕፃን አቅፎት ወደ ዕቃ ቤቱ ገባ። የቀረውን በጨለማ አጠበው። የዳዊት ፊት በመጨረሻ የተነሳ ስለነበር ፊልሙ ሲጠቀለል ላይኛው ዙር ላይ ነው የሚውለው። ብርሃኑ መጀመሪያ ያገኘውም ያጠፋውም እሱን ነው። ከሥር ተጠቅልሎ የዳነው ኩይሳውና ጀርባው ነበር።

«ፊልሙ አሮጌ ነበር። ድሮም የተበላሸ ነው የገዛሁት» አላት።

እማዬ አመነችው። አምናም አልማረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳፋዋን አላስነካችውም፤ ምሳውን የምታቀርብለት ፊቷን አዙራ ነበር። «በአሮጌ ፊልምህ ልጄን ሁለቴ ቀበርከው» ትለው ነበር፣ እንግዳ ፊትም ቢሆን። እሱ አቀርቅሮ ይበላል። እኔም ዝም አልኩ። የልጅ አፌ እውነቱን ቢያወጣው እማዬ ምን እንደምትሆን ገብቶኝ ነበር። ግን ዝምታው እኔንም አንጨርጭሮኛል፤ ካሜራውን ጠላሁ፣ ኩይሳውን ጠላሁ፣ አባዬንም ጠላሁ። የመጀመሪያው ጥፋት የእሱ አይደለም? ፊቱን ቀድሞ ቢያነሳው ምን ነበረበት?

እማዬ እውነቱን ሳታውቅ ዓምና አረፈች። ዛሬ የልጆቼ ፊት ስልኬን ሞልቶ «ቦታ የለም» ይለኛል፤ ሲበሉ፣ ሲያለቅሱ፣ ሲያዛጉ አነሳቸዋለሁ። ከአርባዋ በኋላ አባዬ ውሰጂኝ ብሎኝ በባጃጅ ወደ ሜዳው ወጣን። ከተማው ሜዳው ጥግ ድረስ መጥቷል፤ ዳዊት የቆመበት ኩይሳ ግን አለ፣ ፍየሎች ይታከኩበታል። አባዬ ያቺን የጀርባ ፎቶ ከደረት ኪሱ አወጣ። ኩይሳው ሆድ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ፈለገና መዳፉን ከሥሯ አሳረፈ።

«እዚህ ድረስ ነበር» አለኝ።

«ዝቅ አደረግከው፣ ቀዳዳዋ ጋ ይደርስ ነበር!» አልኩት፣ ተቆጥቼ። ፎቶውን ነጥቄ አየሁ። እሱ ልክ ነበር። ወንድሜ እኔ ከማስታውሰው ያነሰ ልጅ ነበር።

ያን ጊዜ በሆዴ የኖረው ጥያቄ አመለጠኝ። «ለምን አልነገርካትም? ዕድሜ ልክህን ስትሰድብህ?»

ወደ እኔ አልዞረም። «ልጇን ፈልጋ ነው የከፈተችው» አለ።

ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ቀኝ እጁ ኩይሳው ላይ እንዳለ ቆሟል። ስልኬን አወጣሁ።

«አባዬ» አልኩት፣ «ፊትህን ወደ እኔ አዙር።»