የሚኒባሱ አጽናኞቼ

ለሦስተኛ ጊዜ የሥራ ፈተና ወድቄ ከጉደር ወደ አምቦ በሚኒባስ እየተመለስኩ ነበር። ፊቴን በሻርፔ ሸፍኜ «ጌታ ሆይ፣ አጽናናኝ» እያልኩ ሳለቅስ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ወደ ደረታቸው አስጠጉኝ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። ምንሽ ነው የሞተው?»

ስለ ፈተናው ልነግራቸው አፈርኩ። «አሜን» ብቻ አልኩ። ከኋላ የነበሩት ሁለት ሴቶች «ውይ፣ መናገር እንኳን አቃታት» ብለው ማልቀስ ጀመሩ። አምቦ ስንደርስ «ብቻሽንማ አትገቢም» ብለው ሦስቱም እያለቀሱ ቤት ድረስ ሸኙኝ።

እናቴ በሩን ከፍታ ስታያቸው ምንም ሳትጠይቅ አብራቸው አለቀሰች። ትንሽ ቆይታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?» አለችኝ።

ከስንት ወር በኋላ ሳቄ መጣ። ሻርፔን ፊቴ ላይ ጥዬ ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ሴቶቹ ይበልጥ አቀፉኝ።

«አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ።»