አቶም ሊተከል ነው የተባለበት ዓመት

ወረታ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አባቴ ደግሞ ከከተማው በስተምዕራብ፣ ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ ላይ፣ ርብ ወንዝ አጠገብ ባለች ትንሽ ደብር የሚቀድሱ ቄስ ናቸው። እንደ አገሩ ቄስ ሁሉ ያርሳሉ፤ በክረምት ሩዝ፣ ውሃው ሲሸሽ ጓያ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ስለሆኑ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ እወርዳለሁ።

በዚያ ዓመት ሚያዝያው አላማረኝም ነበር። ርብ ውስጥ የቀረችውን ውሃ የመስኖ ፓምፖች ጠጥተው ጨርሰዋት አሸዋው ተገልጦ ነበር። ቀኑ ሲግል ከብቶቹ መጋጥ ትተው አፋቸውን ከፍተው ይቆማሉ። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሜዳውን ያዩና፣ «ከዚህ ድርቀት በኋላ ዝናቡ ሲመለስ በደኅና አይመለስም» ይላሉ። ሽማግሌ ሁሉ እንዲህ ይላል ብዬ አልፌው ነበር።

ግንቦት ላይ የውሃ ባለሙያዎች በመኪና መጡ፤ አንድ ፈረንጅም አብሯቸው ነበር። በወንዙ ዳር ከላይ እስከ ታች ቀይና ነጭ የተቀቡ የብረት ምሰሶዎች ተከሉ። አናታቸው ላይ የፀሐይ ኃይል የሚቀበል ጠፍጣፋ ነገርና አንዲት የተቆለፈች ሣጥን አለች። ለገበሬው የተነገረው፣ «የአየር ንብረት ነው፣ እንዳትነኩት» የሚል ብቻ ነበር።

በነዚያው ሳምንታት ራዲዮው ስለ ኒውክሌር ኃይል ይናገር ጀመር። የዓለም መንግሥታት ስለ አየር ንብረት ሲመክሩ ጭስ የሌለው መብራት ያስፈልጋል መባሉን፣ አገራችንም ከሌሎች ጋር ተባብራ ማመንጫ ለመሥራት ማሰቧን አወራ። ማመንጫው ብዙ ውሃ እንደሚፈልግም ተናገረ። በእኛ አገር ብዙ ውሃ ማለት ጣና ነው። ሰኔ ሳይገባ ሜዳው ሁሉ አንድ ወሬ ያዘ፦ አቶም ሊተክሉ ነው፤ ምሰሶዎቹም የቦታው ምልክት ናቸው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ በደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። ጎረቤታችን፣ ከሽባ እናቱ ጋር የሚኖር ብርቱ ገበሬ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። መጀመሪያ የጠየቀኝ እሱ ነው።

«እህቴ፣ አንች የተማርሽው ይኸንኑ አይደል? እስቲ ንገሪን። ምንድን ነው?»

ከጥቂት ወራት በፊት ባሕር ዳር ለፊዚክስ መምህራን በተሰጠ ሥልጠና ላይ የሰማሁትን ነገርኳቸው። ከባድ ብረት መሰል ማዕድን ሲሰነጠቅ ሙቀት እንደሚወጣው፣ ሙቀቱ ውሃ እንደሚያፈላ፣ እንፋሎቱም መብራት እንደሚሆን። ጭስ ስለሌለው አየሩን እንደማያሞቅ፣ አየሩ በመሞቁም ዝናቡ ከልክ ያለፈ እየሆነ እንደመጣ። አንዱ አገር ብቻውን ስለማይችለውም ማሽኑን የሚሠራው፣ ማዕድኑን የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የተለያየ መሆኑን።

«ቆሻሻውስ?» አሉ አባቴ።

በሥልጠናው ላይ እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር። አስተማሪው፣ «ይቀበራል፤ ለብዙ ትውልድ ይጠበቃል» ነበር ያለኝ። ለአባቴም እንደዚያው መለስኩላቸው።

«የሚጠብቀው ማነው?»

«ያኔ ያለው ሰው ነዋ፣ አባዬ።»

ጎረቤታችን ቀጠለ፤ «አቶሙ ከእጅ ያመለጠበት አገር አለ ይባላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ሰው ቤቱን ጥሎ የወጣበት አገር አለ። ብዙዎቹ አልተመለሱም። ግን እዚህ ይሠራል ያለ የለም። ምሰሶዎቹም ከዚያ ነገር ጋር አይገናኙም፤ ባለሙያዎቹን ጠይቄያለሁ፣ የወንዙን መሙላት የሚለኩ ናቸው።»

የመጨረሻውን የሰማኝ ያለ አልመሰለኝም። ሰዉ «አልተመለሱም» የምትለው ላይ ቀርቷል። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሐይቁ ወዳለበት አየች። የዋሸሁት ነገር አልነበረም፤ ዛሬ ቢጠይቁኝም የምመልሰው ያንኑ ነው።

በሳምንቱ ስመለስ ምሰሶዎቹ አልነበሩም። ማን እንደነቀላቸው ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። ጎረቤታችን መዳፉ ተልጦ በጨርቅ ጠቅልሎታል። «ምን ሆንክ?» ስለው፣ «ሞፈር ነው» አለኝ። በሰጡኝ ስልክ ለባለሙያዎቹ ደወልኩ፤ ከክረምት በኋላ እንመጣለን አሉኝ።

ነሐሴ ገባ። ፍልሰታን ከአባቴ ጋር ለመጾም ወርጄ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ያለች ጉብታ ላይ ስለሆነ ከደጁ ሜዳው በሙሉ ይታያል። በዚያ ቀን በእኛ በኩል ጠብታ አልወረደም። ርብ በሚነሳበት በጉና ተራራ አቅጣጫ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሰማዩ ጠቁሮ ሳይነቃነቅ ውሏል። በጾሙ ከቀትር በኋላ የሚገባው ቅዳሴ ሳያልቅ በስተምሥራቅ ድምፅ ሰማሁ። የሚነዳ የከብት መንጋ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል ሩዙ እየተኛ ሲመጣ አየሁ፤ ከኋላው ቡናማ ውሃ፣ በውሃው ላይ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ።

ጎረቤታችን ከወንዶቹ መካከል ተነስቶ ሮጠ። እናቱን አልጋዋ ላይ ትቷት ነበር የመጣው። ሰዎች ያዙት፤ አምልጦ ገባ። ውሃው ደረቱ ጋ ሲደርስ ወደ ጎን ወሰደውና አንድ ግራር ላይ ጣለው። እዚያው ተጣብቆ ቤቱ ሲሄድ አየ። እኛም ከላይ ሆነን አየን። አባቴ ልብሰ ተክህኖአቸውን እንደለበሱ ወጥተው ቆመው ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚሉት ግን አይሰማም።

በማግስቱ ሰዎች በታንኳ ሄደው እናቲቱን አገኟት። አባቴ ፍትሐት አድርሰው ጉብታው ላይ ቀበሯት።

ባለሙያዎቹ በመስከረም መጡ። ምሰሶዎቹን ከአንድ የሸንኮራ ማሳ ውስጥ ተጣጥፈው አገኟቸው። አንደኛው ለብቻዬ ወስዶ፣ «ላይኛው ምሰሶ ቢኖር ኖሮ ከቀትር በፊት ይነግረን ነበር፤ ለቀበሌው እንደውልላችሁ ነበር» አለኝ። አባቴ የእኛም ቤት ስለፈረሰ ከካህናቱ ጋር በደብሩ ግቢ ተጠግተው ነበር፤ ስነግራቸው፣ ሰው ከዚህ የበለጠ እንዳይሰበር ብለው ይህንን እንዳልናገር ለመኑኝ።

ጎረቤታችን ግን ራሱ መጣ። ጸጉሩን ተላጭቷል፤ ቆሞ ነው የጠየቀኝ።

«እህቴ፣ አንች አትዋሽኝም። ብረቱ ቢኖር ለእናቴ እደርስላት ነበር?»

አባቴን አየሁ። መሬት መሬት ያያሉ።

«ጊዜ ይሰጥህ ነበር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። አላለቀሰም። «አቶሙስ?» አለ።

«እዚህ አልመጣም። ሌላ ቦታ ሊሠራ ይችላል።»

«ቢሠራ እንዲህ ያለው ውሃ ይቀራል?»

«አይቀርም፣ ወንድሜ። የዓለም መንግሥታት ጭሱን ሊቀንሱ የገቡትን ቃል ከጠበቁ የልጅ ልጆችህ ዘመን እንዳይብስ ነው።»

«ካልጠበቁስ?»

ይህን ብሎ ወደ አባቴ ዞሮ መስቀል ተሳለመና በጭቃው መሐል ቀስ እያለ ሄደ።

አባቴን ወረታ ይዣቸው ልገባ ብዙ ለመንኳቸው። «ታቦቱን ማን ላይ ጥዬ?» አሉኝ። ስለዚህ ዝናብ ባለበት ወር ሁሉ በየቀኑ እደውልላቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን ስልኩ አይነሳም። ያኔ ተማሪዎቼን መልመጃ አሠራቸውና መስኮቱ አጠገብ ቆሜ እንደገና እደውላለሁ።