ኦቦ ቱሉና ያልበቀለው ድልድይ

ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ዳር አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። ስሟን ባልጠራው ይሻለኛል፤ ሹማምንቷ ጎረቤቶቼ ናቸው። ኦቦ ቱሉም ጎረቤቴ ናቸው፤ እሳቸው ግን ስማቸው ቢነሣ ደስ ይላቸዋል።

ኦቦ ቱሉ መራቂ ናቸው። ገብስና ስንዴ ያርሳሉ ይባላል፤ የሚያርሱት ግን ልጆቻቸው ናቸው፤ እሳቸው ይመርቃሉ። ስብሰባ ሲከፈት፣ ሰርግ ሲደገስ፣ ነጭ ቡሉኳቸውን ደርበው፣ በቀኝ እጃቸው አንድ ጭብጥ እርጥብ ሰርዶ ይዘው ይቆማሉ። «ዝናቡ በጊዜው ይዝነብ!» ሲሉ ሕዝቡ «ሃ ታኡ!» ይላል፤ ይሁን ማለት ነው። «ላሟ ትውለድ!» «ሃ ታኡ!» ድምፃቸው ያለ ማይክ ገበያውን ያቋርጣል። ማይክ ከሰጧቸው ግን አይመልሱም። ምሳ ካለ ምርቃታቸው ይረዝማል፣ ቆሎና ለስላሳ ብቻ ከሆነ ያጥራል ብለው የሚያሟቸው አሉ። እኔ አላማኋቸውም፤ ያየሁትን ነው የምናገረው፤ እውነት ነው፣ ያጥራል።

በሰፈራችንና በአስፋልቱ መካከል አንድ ጅረት አለ። በበጋ ዶሮ ትሻገረዋለች፤ በክረምት በሬ ይወስዳል። ድልድይ ይሠራበታል ተብሎ ሦስት ጊዜ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል፤ አዲስ የሚሾም ኃላፊ ሁሉ የራሱን ድንጋይ ይፈልጋልና። ኢየሩስ የምትባል ጎረቤታችን በመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ብርድ ልብስ ታሰጣለች። በሁለተኛው ፍየሎች ጎናቸውን ያክካሉ። ሦስተኛው ገና አዲስ ስለሆነ ማንም አልደፈረውም። ሦስቱንም የመረቁት ኦቦ ቱሉ ናቸው። «በዚህ ድልድይ ሙሽራ ይለፍበት!» ብለው ነበር፤ እኛም «ሃ ታኡ» ብለናል።

በእኛ አገር የመራቂ ቃል መሬት ሲወድቅ ዝም ተብሎ አይታለፍም። ሰው ማዘጋጃ ቤቱን አላማም፤ ከዚያ የሚጠብቀው አልነበረምና። ያማው ኦቦ ቱሉን ነው። ባለሱቋ ሰቢሪና ልጇን ሮሚን ልትድር ስትነሣ፣ ለምርቃቱ ከጎሮ ሌላ ሽማግሌ ልታስመጣ ነው ተባለ። ኦቦ ቱሉ ይህን ሲሰሙ ሱቋ ድረስ ሄዱ። እኔ ስኳር ልገዛ ቆሜ ነበር።

«አንቺ ሰቢሪና፣ ሮሚ ስትወለድ የመረቅኳት እኔ አይደለሁም?»

«አባ፣ ወላሂ አከብርዎታለሁ» አለች ስኳሩን እየመዘነች። «ግን አንዱን ድልድይ ሦስቴ መርቀውት አንዴም አልበቀለም። ልጄም እንደ ድልድዩ ብትሆንብኝስ?»

«ድልድይ እኮ ሲሚንቶ ነው!»

«ሲሚንቶ ምርቃት የማይሰማ ከሆነ ታዲያ ለምን መረቁት?»

ኦቦ ቱሉ ከዘራቸውን ረስተው ወጡ። ባለቤታቸው ሎሚ እንደነገረችኝ ያን ቀን እራት አልበሉም፤ ይህ ደግሞ በዚያ ቤት ታይቶ አያውቅም። ምርቃታቸው ከረከሰ ኦቦ ቱሉ ምን ቀራቸው? ቡሉኮ ብቻ።

ብዙም ሳይቆይ የማዘጋጃ ቤቱ የበጀት ምክክር ተጠራ። አዳራሹ ፊት ለፊት «በነዋሪው ተሳትፎ የተሻለ አገልግሎት!» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ባለ መደገፊያው ወንበር ለኃላፊዎች ነው፤ ነዋሪው ከኋላ አግዳሚ ላይ ተጣብቦ ይሳተፋል። ጓሮ ውስጥ የምሳው ወጥ ተጥዷል። ወጣቱ ኃላፊ አቶ ሙደሲር ተነሡና፣ «አባታችን ኦቦ ቱሉ በምርቃት ይክፈቱልን» አሉ።

ኦቦ ቱሉ ሰርዷቸውን ይዘው ወጡ፤ ማይኩን ተቀበሉ።

«ምኑን ልመርቅ?»

«በጀቱን ነዋ፣ አባ።»

«አላየሁትም።»

«ከምርቃቱ በኋላ ይነበባል።»

«ሙሽራ ሳላይ ሰርግ አልመርቅም። እስቲ አስቀድማችሁ አንብቡት፤ ድልድዩ አለበት?»

አቶ ሙደሲር ፕሮግራሙን አዩ፤ በፕሮግራሙ ላይ ምርቃት አንደኛ ነው። ያለ ምርቃት ስብሰባ መክፈት ደግሞ ማንም አይደፍርም። ከጎባ የመጡ ለታ የሚባሉ ሽማግሌ እንዲመርቁ ተለመኑ። እሳቸውም «ሰርዶ የያዘ ሰው ቆሞ ሳለ እኔ አልቀድምም» ብለው እግራቸውን አነባበሩ። የወጡ ሽታ አዳራሹን ሞላው። ኃላፊዎቹ ተንሾካሾኩ። በመጨረሻ የበጀት ባለሙያዋ ሩሀማ እንድታነብ ታዘዘች።

ሩሀማ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ አነበበች። «ለድልድዩ ማስመረቂያ፦ የድንኳን ኪራይ፣ ባነር፣ የእንግዶች ቲሸርትና ኮፍያ፣ የታሸገ ውሃ፣ የምሳ መስተንግዶ...»

«ድልድዩስ?» አሉ ኦቦ ቱሉ።

«ድልድዩ... ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል።»

«ድንኳኑስ?»

«ድንኳኑ ዘንድሮ ነው።»

ይቆጣሉ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሰርዷቸውን ከፍ አደረጉ።

«ድንኳኑን ነፋስ አይጣለው!»

ሕዝቡ በልማዱ «ሃ ታኡ!» አለ።

«ባነሩ አይቀደድ!»

«ሃ ታኡ!»

«ኮፍያው ለሁሉም ራስ ይብቃ!»

«ሃ ታኡ!» ሳቁ ከኋላ አግዳሚ ጀመረ።

«ውሃው ይቀዝቅዝ! ጅረቱን መሻገር ያቃተው ሁሉ እሱን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይመለስ!»

«ሃ ታኡ!» አዳራሹ ተናወጠ። አቶ ሙደሲርም አጨበጨቡ፤ ሌላ የሚያደርጉት ስለጠፋቸው ይመስለኛል።

«ያለውን መርቄያለሁ» አሉ ኦቦ ቱሉ። «ድልድዩን ስታሳዩኝ ጥሩኝ።» ሰርዷቸውን በበጀቱ ወረቀት ላይ አስቀምጠው ወጡ። ምሳውን ሳይበሉ! ነገሩ የምር መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ሰቢሪና የረሱትን ከዘራ ይዛ ቤታቸው መጣች። «አባ፣ የጎሮውን ሰውዬ አስቀርቻለሁ» አለች። «ያላዩትን የማይመርቁ ከሆነ፣ መጥተው ሮሚን ይዩልኝ።»

የሰርጉ ዕለት የሙሽራው መኪና ጅረቱ ማዶ ቆሞ ቀረ። ሮሚን በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ደግፈው ለማሻገር ሚዜዎቹ ሱሪያቸውን ጠቀለሉ። ኦቦ ቱሉ ሰርዷቸውን ይዘው ሊመርቋት ሲቆሙ፣ ከማዶ ከአዳራሹ ድምፅ ማጉያ የገዛ ድምፃቸው መጣ። ማዘጋጃ ቤቱ መላ አግኝቷል፤ በሦስተኛው ድንጋይ ጊዜ የተቀረጸውን ምርቃታቸውን እያሰማ ነው ስብሰባ የሚከፍተው።

«በዚህ ድልድይ ሙሽራ ይለፍበት!» አለ ማጉያው።

ከሰርገኛው መሀል አንዳንዱ በልማድ «ሃ ታ...» ብሎ ጀመረ።

ኦቦ ቱሉ እጃቸውን አነሡ። «ዝም በሉ! ያንን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤ ለምሳ ነው የሚመርቀው።»

ከዚያም ወደ ሮሚ ዞሩ።