የአባቴ ወገኖች

ሐረር የገባነው መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እኔ ጅዳ ተወልጄ ያደግሁ፣ ሃያ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነበርኩ። አማርኛዬ የእናቴ ነው፤ እሷ ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለው ከተማ አድጋ፣ ለሥራ ባሕር የተሻገረች ናት። እሷ ስትሞትብን አባቴ «እንግዲህ አገራችን እንግባ» አለ። ሐረሪ ነኝ ይል ነበር። ጅዳ ያሉት ወዳጆቹ ሁሉ ሐረሪዎች ስለነበሩ፣ ሠርጋቸውም ለቅሷቸውም የኛ ነበር። ስለዚህ የማን ወገን እንደሆንኩ ጠይቄ አላውቅም።

መጠርጠር የጀመርኩት በገባንበት ዕለት ነው። አባቴ ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ ሲለኝ የኖረውን ቤት ፍለጋ በጠባቦቹ መንገዶች ሲዞር ቆይቶ፣ የማያውቀውን ሰው በር አንኳኳ። በመጨረሻ ቤቱንና እዚያ የሚኖሩትን እኅቱን ያገኘነው በሰው ምሪት ነው።

አክስቴ በሩን ከፍተው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። አላቀፉትም። «መርሐባ» አሉና ምን ያህል እንደምንቆይ ጠየቁ። የሐረሪ ቤት መቀመጫው ደረጃ በደረጃ ነው፤ ቀይ የተቀባው ከፍ ያለ መደብ ለቤተሰብ፣ በሩ ሥር ያለው ዝቅተኛው ደግሞ እህል ይዞ ከገጠር ለሚመጣ ሰው። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። እኛን በሩ ሥር አስቀመጡን።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ንግግራቸው ነው። አባቴ በሐረሪ ቋንቋ ሲያወራቸው እሳቸው በአማርኛ ይመልሱለታል፤ ያውም «እርስዎ» እያሉ። እኩያው፣ አብራው ያደገች እኅቱ! ሐረሪ ስለማላውቅ፣ ለኔ እንዲገባኝ ብለው ይሆናል ብዬ ነበር። ነገር ግን እኔ ጓዳ ሆኜ ሳዳምጥም ያው ነው። ከቤት ሲወጡ የውስጠኛውን ክፍል ቆልፈው ቁልፉን ወገባቸው ላይ ይቋጥራሉ። ጎረቤቶችም እየመጡ ስለ ጅዳ ትንሽ ይጠይቁና ዞረው ዞረው ቤቱ ላይ ይደርሳሉ፤ «ቤቱን ልታድሱት ነው? ልትሸጡት ነው?» ይሉናል። እናቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትል ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ የሚጠረጥረው ሁሉም ነበር።

አንድ ቀን ከአባቴ ጋር ጊዲር መጋላ ወደሚባለው ገበያ ወጣን። ማሽላ የምትሸጥ አንዲት አሮጊት አባቴን ትኩር ብላ አየችውና በኦሮምኛ ተናገረችው። አባቴ መለሰላት። ከአፉ እንዲያ ተንቆርቁሮ የወጣ ቋንቋ ሰምቼ አላውቅም፤ በሐረሪ ሲያወራ እንኳ ቃል ይፈልግ ነበር። ሴትዮዋ እጁን ይዛ ስትስም፣ እሱ በፍጥነት ተሰናብቶ ይዞኝ ሄደ። ስጠይቀው «ኦሮምኛ የማያውቅ የሐረር ሰው የለም» አለኝ። እውነት ነው። ግን ፊቱን ወደኔ አላዞረም። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ የሚጠፋበትን ሰዓት፣ ጫማው ላይ ይዞት የሚመለሰውን ቀይ አፈር ማየት ጀመርኩ።

መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ ስሄድ ጸሐፊው ብሔሬን ጠየቀኝ። ሐረሪ አልኩት። አነጋገሬን ሰምቶ ፈገግ አለና የቤተሰብ ምስክር እንዳመጣ ነገረኝ። አክስቴን ለመንኳቸው። ስፌታቸውን ሳያስቀምጡ «በውሸት አልመሰክርም» አሉኝ።

«አባቴ ወንድምዎ አይደለም?»

«ወንድሜ ነው። የእናቴ ልጅ ግን አይደለም።»

ከዚያ ነገሩኝ። የአባቴ እናት ከከተማው በላይ ባለው፣ ሐኪም ጋራ በሚባለው ተራራ ላይ እሱን ስትወልድ ሞታለች። አባቱ የአክስቴን ቤተሰብ መሬት የሚያርስ ኦሮሞ ነበርና፣ ሕፃኑን በጨርቅ ጠቅልሎ በራቸው ላይ መጣ። የአክስቴ እናት ያኔ አክስቴን ያጠቡ ስለነበር ሁለቱን አንድ ላይ አሳደጉ። አባቴ ጋራው ላይ ያሉትን ወገኖቹን ሊጠይቅ እየተመላለሰ፣ ጎርምሶ ከነጋዴዎች ጋር ባሕር እስኪሻገር ድረስ እዚያው ቤት ኖረ።

«ታዲያ ለምን እንደ ሌባ ይጠብቁታል?» አልኳቸው።

«አንድ ጡት መጥባት መጋባትን ይከለክላል እንጂ ቤት አያወርስም። ይህን እሱም ያውቃል። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ሰው ለሰላምታ ብቻ ይመጣል? ወላሂ አላምንም።»

ማታ አባቴን ጠየቅሁት። አልዋሸሁሽም፣ ሌላ እናት አላውቅም አለኝ። ዓርብ ወዴት እንደሚሄድም አልደበቀኝም፤ በመጪው ዓርብ ይዞኝ ወጣ።

ሐኪም ጋራ ላይ፣ አባቱ ኋላ ካገባት ሴት የተወለደው ወንድሙ ይኖራል። ሰውየው ከጫት ማሳው መሀል ወጥቶ አጥሩ በር ላይ ቆመ። ግቡ አላለንም። ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እሱ ረጅም ረጅም ይናገራል፤ አባቴ «ደኅና ናችሁ ወይ እያለ ነው» ብሎ ይተረጉምልኛል። የሰውየው ንግግር ረጅም፣ የአባቴ ትርጉም አጭር እየሆነ አስቸገረኝ።

ቁልቁል ስንመለስ ምን እንዳለው አጥብቄ ጠየቅሁት። «ድርሻህን ከፈለግህ ሽማግሌ ላክ ነው ያለኝ» አለ። «እዚያ መሬቱን፣ እዚህ ቤቱን ልወስድ የመጣሁ ይመስላቸዋል።»

«ልትወስድ ነው እንዴ የመጣኸው?» አልኩት።

መንገዱ ላይ ቆመ። «አንቺም?» አለኝ። ከዚያ እስከ ከተማው በር ድረስ ከፊት ከፊቴ ሄደ።

አክስቴ ለምን እንዲያ ከፍቶት እንደገባ ሲጠይቁኝ፣ ከአጥር ውጭ እንደተቀመጥን ነገርኳቸው። ስፌታቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ከአጥር ውጭ? የእናቴን ጡት የጠባውን ልጅ?» አሉ። በማግሥቱ ጠዋት ሻሻቸውን አሥረው ደጅ ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ጸሐፊው ፊት ቆመው የተናገሩት አጭር ነው፦ «አባቷ ወንድሜ ነው። ልጅቷም የኛ ናት።» ጸሐፊው ሐረሪ ብሎ ጻፈ።

እኔም ነገሩ አለቀ አልኩ። አላለቀም። በዚያው ሳምንት አክስቴ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ሰብስበው፣ አባቴ ከቤቱ ድርሻ እንደሌለው በአፉ እንዲናገር አደረጉት። ሳያንገራግር ተናገረ። ብዙም ሳንቆይ ከግንቡ ውጭ ክፍል ተከራይተን ወጣን። አክስቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሐረሪ ቋንቋ ያዋሩት ነበር፤ አንዳንዴ ሲሳሳቁ እሰማለሁ፣ የሚያስቃቸውን ሳላውቅ። ወንድሙም በአዝመራ ጊዜ ማሽላ ይልክልናል፤ የሚያመጣው ሰው ግን እኛ ምን እያሰብን እንደሆነ ሳይጠይቅ አይመለስም።

አባቴ ከዓመታት በኋላ ሲሞት ሁለቱም ወገን መጣ። ወንድሙ አስከሬኑ ሐኪም ጋራ አባቱ አጠገብ ይረፍ ለማለት ጀምሮ መሀል ላይ ተወው፤ መቃብሩ የመሬት ጥያቄ እንዳያመጣ የፈራ መሰለኝ። አክስቴ አዩትና «እናቴ አጠገብ ይቀበራል። መቃብር ማንም አይወርሰውም» አሉ።

እንዳሉትም ሆነ። ወንዶቹ ቀብረውት ሲመለሱ እያለቀስኩ፣ የአክስቴንና የወንድሙን ፊት በተራ እመለከት ነበር፤ ማን እፎይ እንዳለ ለማወቅ።